ከቦሌ እስከ ጅዳ



አንድ የጉለሌ ጎረቤታችንን ለዑምራ ልሸኛቸው ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ኢሕራሙን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቶ በገመድ አስሮታል። «ጅዳ ሲደርሱ ይለብሱታል» አለኝ።

«መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አባባ። ስልኬን ከፈትኩ፤ ከቦሌ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደሴ በአውቶቡስ ስንሄድ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ እንውላለን!

ችግሩ ያለው እዚሁ ማጠሩ ላይ ነው። ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ሚቃቱ የለምለም ነው። አውሮፕላኑ ትይዩውን የሚያልፈው ጅዳ ሳያርፍ፣ አየር ላይ ነው። ዑምራ ነይቶ ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወይ ወደ ሚቃቱ ይመለሳል፣ ወይ ፊድያ ያርዳል። ምግብ ተበልቶ ትንሽ ሸለብ ካደረገ አለፈ ማለት ነው።

ሻንጣውን ፈታነው። አባባ ታጥበው ኢሕራሙን እቤት ለበሱ፤ ኒያውን ሚቃቱ ሲቃረብ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። በር ላይ ቆመው «ስንት ዓመት የጠበቅኩትን በ2 ሰዓት ልስተው ነበር» አሉ።

እናት አባታችሁን ስትሸኙ ኢሕራሙን በእጅ ሻንጣ አድርጉት። አላህ ለሁላችንም ይወፍቀን።