የገዛ ድምፅ

«ኮንክሌቭ» የተባለውን ፊልም ከልጄ ጋር አየሁት። ኤድዋርድ በርገር ከሮበርት ሃሪስ ልብ ወለድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ነው። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ያርፋሉ፤ ካርዲናሎቹ በር ተዘግቶባቸው ተተኪ ይመርጣሉ። ለማሸነፍ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያማ ሽኩቻው ምኑ ቅጡ!

ምርጫውን የሚመሩት ካርዲናል ሎውረንስ፣ ራልፍ ፋይንስ የሚጫወታቸው፣ «እኔ ሥልጣኑን አልሻም» ባይ ናቸው። ኋላ ግን ወረቀቱ ላይ የገዛ ስማቸውን ይጽፋሉ። ወረቀቷን ከማስገባታቸው ውጭ ቦምብ ይፈነዳል። ልጄ በፍንዳታው ደነገጠች፤ እኔ በወረቀቷ።

መምህር ሳለሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መረጥን። «ኧረ እኔ አልሆንም፤ ድምፄ ያንተ ነው» ብዬ ለአንድ ወዳጄ ቃል ገባሁ። ሌሊቱን ግን ኃላፊ ሆኜ የማደርገውን ንግግር በልቤ ሳሰናዳ አደርኩ። ጠዋት የገዛ ስሜን ጻፍኩ።

ወዳጄ በአንድ ድምፅ ተበለጠ። ለእኔም አንድ ድምፅ ተቆጠረልኝ።

«ያቺን አንዷን ደግሞ ማን ሰጠህ ባክህ?» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ።

ካርዲናሎቹስ የመረጡበትን ወረቀት ያቃጥሉታል። የእኔዋ ይኸው እስከ ዛሬ አልነደደችም።