ርካሽ ማይክሮፎንና የእማማ እንጉርጉሮ

ክርክሩ እንደ ብዙው የተማሪ ክርክር በሻይ ላይ ተጀመረ። ሦስት ነን። የምንኖረው ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ በስሚንቶ የተለሰነ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛችን ክራር ይመታል፤ ሁለተኛችን ግጥም ይሞካክራል፤ ሦስተኛችን ደግሞ ስለ ዕቃ ማውራት ይችላል። ጥያቄያችንም ይኸው ነበር፦ በርካሽ ዕቃ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰው ጆሮ የሚሰጠው ነገር መቅዳት ይቻላል ወይስ አይቻልም?

«አይቻልም!» አለ ዕቃ ዐዋቂው። ደህና ኮንደንሰር ማይክሮፎን፣ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ በስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ያስፈልጋል አለን። «የስልክ ቅጂ ለሐሜት እንጂ ለኪነ ጥበብ አይሆንም» ሲል ሳቅን፤ ስቀንም አመንነው። ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የክራር መቺው አያት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከእኛ በታች ባለው ግቢ ይኖሩ ነበር። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ፈትለው ያደሩ ሴት ናቸው። ማታ ማታ ባዘቶውን ይዘው እንዝርቱን ሲያሾሩ የሚያንጎራጉሩት አንድ ነገር ነበራቸው። ሄዶ ስላልተመለሰ ወንድማቸው ነው። ቃሉ የራሳቸው ነው፤ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

አንድ የሐምሌ ማታ በስልክ ቀዳናቸው። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ክፍላችን ገብተን ስንሰማው ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውሻ ይጮኻል፤ የጎረቤት ሸማኔ መወርወሪያ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የእማማ ድምፅ ከዚህ ሁሉ ኋላ ነው። «ይሄማ ምን ዋጋ አለው!» አልን። የስልኩ ማኅደር በሞላ ጊዜ አጠፋነው። ማንም አላስገደደንም፤ በገዛ ጣታችን ነው።

«እማማ፣ ደህና ዕቃ ስንገዛ በደንብ እንቀዳዎታለን» አልናቸው።

«ቅዱኛ ልጆቼ፤ እስከዚያ ካለሁ» አሉና ሳቁ።

ከመስከረም ጀምሮ ቆጠብን። ለሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናን፤ ምሳ ዘለልን። ኅዳር ሲታጠን እማማ ታመሙ፤ ታኅሣሥ ላይ ቀበርናቸው። ማይክሮፎኑ በጥር ከመርካቶ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኛ ነው።

እስቲ ያም ሆኖ ሥራውን እንየው ብለን ከፈትነው። ጉድ! ያ ሁሉ የተወራለት ማይክሮፎን ከስልኩ የበለጠ የሰማው ውሻውን ነው። ኮንደንሰር ጆሮው ስስ ነውና የሚወደውን መርጦ አይሰማም፤ ሁሉንም ይለቅማል። በዚያ ላይ ድምፃችን ከስሚንቶው ግድግዳ እየተመለሰ ጉድጓድ ውስጥ የገባን ያህል ያስተጋባል። ያኔ የገባን ነገር ቢኖር የሚቀዳው ሰውየው ብቻ ሳይሆን ክፍሉም ጭምር መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ገንዘብ አልጠየቀም። እማማ ከፈተሉት ክር የተሠራውን ወፍራም ጋቢ ከጀርባችን ሰቀልን። ጋቢ ጎርናናውን ድምፅ አያቆምም፤ ቀጭኑንና መካከለኛውን ግን ይውጣል። ቀጥሎም ተጠጋን። በአፍና በማይክሮፎን መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባነሰ ቁጥር ቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የክፍሉ ጩኸት ግን ባለበት ይቀራል። ከዚያ ስልኩንም በዚያው ጋቢ ፊት፣ በአንድ ስንዝር ርቀት አቁመን ግጥም አነበብን። ዓይናችንን ጨፍነን ስንሰማ የቱ የስልክ፣ የቱ የማይክሮፎን እንደሆነ ዕቃ ዐዋቂው ራሱ ተሳሳተ። በክራሩ ወፍራም ጅማት ላይ ግን ስልኩ ተሸንፏል፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ማን የማያውቃቸው አለ? በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት ናቸው። በደርግ ዘመን፣ እዚሁ አዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ሳሉ፣ ፒያኖ እየመቱ የዘፈኑትን በተራ የካሴት ቴፕ ቀድተው ነበር። ያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብሎ በሸክላ ወጣ። በመስኮት የሚገባ የወፍ ድምፅ ይሰማበታል። የካሴት ቴፕ ከዛሬ ስልክ ጋር ሲወዳደር በጣም ደካማ ዕቃ ነው፤ ሽሽ ይላል። ሆኖም እማሆይ ስቱዲዮ እስኪገኝ ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ምን ነበር?

በባሕር ማዶም አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 ቤቱ ቁጭ ብሎ ባለአራት ትራክ በሆነ የታስካም ካሴት መቅጃ ዘፈኖቹን ለሙከራ ቀዳ። በኋላ ከነባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ደግሞ ሞከራቸው፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ያንኑ የቤት ካሴት «ኔብራስካ» ብሎ አወጣው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤይሩት ያለችው የክራር መቺው አክስት ደወለች። «እኔ ጋ እኮ አለ» አለች። ለካ በሐምሌው ማታ ናፍቆቷን ያስታግስላት ብሎ ቆርጦ ልኮላት፣ ረስቶታል። መልሳ ላከችልን። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው።

ሦስታችንም በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ሰማነው። ዝናቡ አለ። ውሻው አለ። የሸማኔው መወርወሪያ አለ፤ ያ ሸማኔ ዛሬ ሰፈሩን ለቋል። ከዚያ መሐል እማማ ስለ ወንድማቸው ያንጎራጉራሉ፤ የወንድማቸውን ስም ሊጠሩ ሲሉ ይቆረጣል። ስሙን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘንም።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ባንድ ለመቅዳት፣ ከበሮና ቤዝ ለይቶ ለማውጣት ርካሽ ዕቃ አይበቃም። ለአንድ ሰው ድምፅ፣ ለአንድ ክራር ግን ይበቃል፤ ከበቂም ያልፋል። የማይበቃው የእኛ ትዕቢት ነበር። ስለዚህ እናንት ጓደኞቻችን፣ ለክረምት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፤ ከኋላ ጋቢ ስቀሉ፤ በአንድ ስንዝር ተጠጉ፤ የቀዳችሁትን በሁለት በሦስት ቦታ አስቀምጡ። ስም ሲጠሩም ደግማችሁ ጠይቁ። ቢዘንብም ቅዱ።