ትልቁ ሞተር ብስክሌትና የጅማ መንገድ

በሞተር ብስክሌት ከቤት እስከ ቢሮ መመላለስ አንድ ነገር ነው፤ አገር ማቋረጥ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ትንሹ፥ ባለ 125 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ክብደቱ ከ110 እስከ 140 ኪሎ ቢሆን ነው። ለሩቅ ጉዞ የሚሠራው ትልቁ ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎ ይበልጣል። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዓለም ያሳየው የጎልድ ዊንግ ዘርማ ዛሬ ከ350 ኪሎ በላይ ደርሷል።

ከትንሹ ወደ ትልቁ መሻገር የሚያምርህ ከሆነ፥ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚቀርህ ልምዱ ነው። ለልምዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የከተማ ግፊያውን፥ ሜዳውን፥ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በአንድ ቀን ያሳይሃል።

ከመነሣትህ በፊት ግን ጥቂት እሑዶችን ባዶ ሜዳ ላይ አሳልፍ። ትልቁ ሞተር ብስክሌት የሚያስቸግረው ሲሮጥ ሳይሆን ሲያዘግም ነው። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘህ፥ የኋላውን ፍሬን በቀስታ እየነካህ፥ በጠባብ ቦታ መዞርን ተለማመድ። ዓይንህን ወደምትሄድበት እንጂ ወደ ፊት ጎማህ አትጣል፤ ዓይን በሄደበት ሞተሩም ይሄዳል። ቢወድቅብህ ሞተሩን አጥፋ፤ ጀርባህን ለመቀመጫው ሰጥተህ በእግርህ ጉልበት ግፋው እንጂ በወገብህ አታንሣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ እንነሣ። አየር ጤናን፥ ዓለም ገናንና ሰበታን እስክታልፍ ድረስ ሚኒባሱ፥ ባጃጁና እግረኛው ፋታ አይሰጡህም። በቆምህ ቁጥር እግርህን የምታሳርፍበትን መሬት አስቀድመህ ተመልከት፤ አንዲት ጠጠር 240 ኪሎ ልትጥል ትችላለች። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም በባሕር ጠረፍ ሊሰጥ ከሚችለው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በደጋ ያየኸው ጉልበት ሙሉ ጉልበቱ እንዳይመስልህ።

ከሰበታ ወዲያ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። መሬቱ ጥቁር ነው፤ ጤፉና ሽምብራው ዓይን እስኪደክም ይታያል። ትልቁ ፈተና የሚመጣውም እዚህ ነው። ትንሹ ሞተር በ80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ይጮኻል፥ ይንቀጠቀጣል፤ ስለ ራሱ ይነግርሃል። ትልቁ ግን በ100 ሲሄድም ዝም ይላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን ግን ዝምታው አያስቀረውም። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ በሬ የሚነዳው ገበሬ፥ እንስራ ያዘለችው እናት፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉም ባለ መብት ናቸው። አንተ ለደስታ ትሄዳለህ፤ እነርሱ ግን ለኑሮ ይሄዳሉ። መንደር ስታይ ሰው እስኪወጣ አትጠብቅ፤ አስቀድመህ ቀንስ።

ወሊሶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። በፍል ውኃዋ የታወቀች ናትና ወርደህ ሻይ ጠጣ፥ ትከሻህን አሳርፍ። ከዚያ ወዲያ እንሰቱ በየቤቱ ጓሮ እየበዛ ይሄዳል፤ ወልቂጤ ስትደርስም የጉራጌ አገር ገብተሃል። ቤንዚን እዚያው ሙላ፤ ትልቅ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር አምስት ወይም ስድስት ሊትር ይጠጣልና።

ከወልቂጤ በኋላ ምድሩ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ነፋሱ ይሞቃል፥ ግራሩ ይበዛል፥ ኩርባውም ይደጋገማል። እዚህ ፍሬኑን ብቻ ይዘህ አትውረድ፤ ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ፍጥነትህን ከኩርባው በፊት ጨርሰህ ቀንስ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን ቀኝ እጀታ በቀስታ ወደ ፊት ግፋ፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ነገሩ ለጀማሪ ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ በትንሹም ሞተር ሳታውቀው ስታደርገው የኖርኸው ነው። ከታች የሚወጣው የጭነት መኪና ኩርባውን ሊቆርጥ ይችላልና የመሐሉን መሥመር አትጠጋ። ቆላ በወረድህ መጠን አየሩ ስለሚወፍር የሞተሩም ጉልበት ይጨምራል፤ እጅህን ቆጥብ።

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ከተሻገርህ በኋላ ከመንገዱ ወጣ ብለህ ቁም። ከሥር የሚያልፈው ጊቤ ኦሞ ሆኖ እስከ ቱርካና ሐይቅ የሚዘልቀው ውኃ ነው። ከዚያ ዳገቱን ወጥተህ በአበልቲ፥ በሳጃና በሰኮሩ በኩል ስታልፍ ምድሩ እንደገና ይለመልማል፤ ወደ ጅማም ስትቀርብ የቡናው አገር ይቀበልሃል።

ጅማ ከገባህ በማግስቱ ጅሬን ወጥተህ፥ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙትን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝ። ከዚያ በፊት ግን ማታውኑ ራስህን መርምር። የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነብህ ማስላቱን ተወው። በመንገድ ላይ በአንተ ምክንያት የደነገጠ ሰው ነበረን? የሸሸ ሕፃንስ? መልስህ «አልነበረም» ከሆነ፥ ትልቁን ሞተር ብስክሌት ለምደኸዋል ማለት ነው።