የጎደለችው ማዕዘን

ሁለተኛ ደረጃን የረገጠ ሁሉ ይህቺን ድጋም ያውቃታል። «ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ፣ ስኩዌር ሩት ኦፍ ቢ ስኩዌር ማይነስ ፎር ኤ ሲ፣ ኦል ኦቨር ቱ ኤ።» ምን ማለት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ዝም ይላል። የቆሎ ተማሪ እንኳ ንባቡን ሲያደርስ ትርጓሜ ቤት ይጠብቀዋል። እኛ ግን በንባቡ ብቻ ተፈትነን ወጣን።

ነገሩን ያነሳሁት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። በቀደም «ጋሼ፣ ሒሳብ የእኔ አይደለም፤ ሶሻል ነው የምገባው» አለችኝ። ደብተሯን ባየው ፎርሙላው በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ ከየት እንደመጣ የሚናገር አንድ መስመር ግን የለም። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ጠይቃ ኖሯል። መልሱ «ሸምድጂው» ነበር። በተማሪ በታጨቀ ክፍል የሚያስተምር ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ቢሆንም አንድ ልጅ በዚህ የተነሳ የሕይወት መንገዷን ስትመርጥ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም።

የባግዳዱን አል ኽዋሪዝሚን አነሳሁላት። «አልጀብራ» የሚለው ቃል የተገኘው ይህ ሊቅ በዘጠነኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸውና፦ የአንድ ቁጥር ካሬና የቁጥሩ አሥር እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። ቁጥሩ ስንት ነው?

ሊቁ ኤ፣ ቢ፣ ሲ አያውቅም። አሠራሩን በቃላት ተናግሮ በሥዕል አስረዳ። እኛም ካርቶን ቀደድን። መጀመሪያ ጎኑ ያልታወቀ ካሬ። አሥሩን እጥፍ ለሁለት ከፍለን፣ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ቁራጮች በቀኙና በግርጌው ገጠምን። የሁሉም ስፋት 39 ነው። ታዲያ ጥጉ ላይ አንዲት ማዕዘን ባዶ ቀረች፤ 5 በ5፣ ማለትም 25። እሷን ስንሞላ ጠቅላላው 64 ሆነ። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ የጨመርነው 5 ሲነሳለት 3 ይቀራል።

ልጅቷ ማዕዘኗን በጣቷ እየነካች ቆየች። «በቃ ፎርሙላው ይቺን መሙላት ነው?» አለች። ነው እንጂ! ስኩዌር ሩቱ የትልቁን ካሬ ጎን ይፈልጋል፤ ማይነስ ቢ የተጨመረውን ይመልሳል።

ከዚያ በፎርሙላው ሠራችው። 3 ወጣ፤ ኔጌቲቭ 13ም ወጣ። ካርቶኑን ገለባብጣ 13ቱን ፈለገች። የለም። አል ኽዋሪዝሚም ትቶታል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ጎን አይለካምና። እሷ ግን አልተወችውም፤ «169 ሲቀነስ 130፣ ልክ 39!» ብላ ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ መምህሯን ልትጠይቅ ነው።