«ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው»

የኮምፒውተር ድምፅ ጭራሽ ከጠፋ ዕዳው ገብስ ነው። ስፒከሩ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተበጥሷል፤ ቀይሮ መገላገል ነው። ሰው የሚያማርረው መጣ ሄድ የሚለው ነው። ጠዋት መዝሙሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ማታ ዜናው መሃል ላይ እልም ይላል፣ ተነስታችሁ ገመድ ስትነካኩ ይመለሳል። ጥገና ቤት ስትወስዱት ደግሞ ክሊኒክ በር ላይ ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ነው። «እኛ ጋ እኮ ምንም አላለም» ትባላላችሁ። ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቁታላችሁ፤ «ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው»።

ፎርማት ላይ ቂም አለኝ። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባው ፎርማት፣ ድምፁ ቢቆራረጥ ፎርማት። የሰርግ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ የሄደበት ቤት ብዙ ነው። የሚገርመው አንዳንዴ የሚሠራ መምሰሉ ነው። እስቲ ፎርማት እስኪደረግ ድረስ ያለፈበትን አስቡት። ገመዱ ሁሉ ተነቅሏል፣ በታክሲ ተጉዟል፣ አቧራው ተራግፏል፣ ቤት ሲመለስ እያንዳንዱ ገመድ እንደ አዲስ ጠበቅ ተደርጎ ተሰክቷል። ድምፁን የመለሰው በደንብ የገባው ገመድ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለፎርማቱ ይሄዳል። ገመዱ ሲላላ ችግሩ ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ይባላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ መቼ እንደሚጠፋ ነው። የኮምፒውተሯ ድምፅ መጣ ሄድ የሚልባትን እህቴን ስጠይቃት «ደስ ሲለው ነው» አለችኝ። ኪቦርዱ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጥንና ድምፁ በጠፋ ቁጥር ምን እየተሠራ እንደነበር እንዲጻፍ ተስማማን። አዋቂዎቹ ወዲያው ረሱት። በታማኝነት የጻፈችው ትንሿ ልጇ ናት፤ «የቤት ሥራ ስሠራ»፣ «የቤት ሥራ ስሠራ»፣ «ቤቢ ጠረጴዛውን ሲገፋ»። እስቲ ክርንሽን ጣል አድርጊበት አልኳት። ጠረጴዛው ተነቃነቀ፣ ድምፁ ጠፋ። ሳቀችና ደገመችው። ችግር በጠሩት ሰዓት መምጣት ከጀመረ የቀረው ቀላል ነው።

ስፒከሩ የተሰካው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ካለው ጃክ ላይ ነበር። ይህ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጡ የገመዱን ጫፍ ቆንጥጠው የሚይዙ ስስ ብረቶች አሉት። ገመድ መግባት መውጣቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ትንሽ ማብሪያም አብሮ አለ። እነዚህ ሲላሉ ትንሽ ንቅናቄ ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ገመዱ የተነቀለ ይመስለዋል። ዊንዶውስም ድምፁን ወደ ሌላ መውጫ ያዞረዋል፣ እዚህ ቤት በኤችዲኤምአይ ወደተያያዘው ሞኒተር። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም። ዜናው አልተቋረጠም ማለት ነው፤ ሰሚ በሌለበት እየተነበበ ነው። ድምፁ እንደጠፋ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጭናችሁ የማን ስም እንደተጻፈ ብታዩ ይህ ወዲያው ይታወቃል። ስፒከሩን ወደ ኋላው አረንጓዴ ጃክ አዛወርነው፣ ችግሩም በዚያው ቀረ።

ድምፁ ሳይጠፋ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እኔን የሚጥመኝም ይሄኛው ነው። ኮምፒውተር ድምፅ የሚያወጣው እየቆነጠረ ነው። ለአንድ ሰከንድ ብዙውን ጊዜ 48,000 ቁጥሮች ያስፈልጉታል፤ ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ለ10 ሚሊሰከንድ የሚበቃውን፣ 480ውን፣ ያዘጋጅና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሚቀጥለው ቁንጥር የፊተኛው ሳያልቅ መድረስ አለበት። መሃል ላይ አንድ ድራይቨር፣ ለምሳሌ የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን ይዞ ካቆየው ቁንጥሩ ይዘገያል፣ ክፍተቱም «ጠቅ» ብሎ ይሰማል። ፊልም አንድ ምስል ቢዘል ዓይን ልብ አይልም፤ ጆሮ ግን ምሕረት የለውም። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም የሚያዘገየውን ድራይቨር በስሙ ያሳያል። ከዚያ በፊት ግን ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ዘፈን አጫውቱ። ጠቅታው ከቆመ ስፒከር ለመግዛት አትውጡ።

ብሉቱዝ ማዳመጫችሁ ዙም ሲከፈት ዘፈኑን የቆርቆሮ ድምፅ ካስመሰለውም አልተበላሸም። ማይኩ ስለተከፈተ ወደ ጥሪ ሁነታ ገብቶ ነው፤ ጥሪው ሲዘጋ ይመለሳል። በጥሪ ጊዜ የሌላው ድምፅ ሁሉ ዝቅ ማለቱ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ ሥራ ነው። የድምፅ ቅንብሩ ውስጥ በ80 በመቶ ቀንስ የሚል ምርጫ አለ፤ «ምንም አታድርግ» የሚለውን መምረጥ ነው።

እህቴ ቤት አሁን የቀረው ፍሪጁ ሲነሳ ስፒከሩ የሚያሰማው «ጧ» ነው። ሁለቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው፤ ለያይዋቸው አልኳት። ሳሎኑ ውስጥ ሌላ ሶኬት የለም አለችኝ። ዞሬ አየሁ፣ እውነቷን ነው።