ቁልቁለቱን ከልጄ ተማርኩ

ከእናንተ መካከል ሴት ልጇን «ብስክሌት እንዳትነኪ!» ብላ ያልከለከለች እናት ካለች ከእኔ ትሻላለች። እኔ ከልክዬ ነበር። ምክንያቶቼንም ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው መኪና ይገጫታል የሚል ሥጋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጮክ ብለን የማንናገረው ነው፤ ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ክብረ ንጽሕናዋን ታጣለች የሚለውን የጎረቤት ወሬ አምኜ ነው።

የመከልከሌን ፍሬ ለማየት ብዙ አልቆየሁም። የ15 ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኪራይ ብስክሌት፣ ፍሬኑ ይሥራ አይሥራ ሳታይ፣ ተደብቃ ትነዳ ኖሯል። ልገርፋት ተነሣሁ። ነገር ግን እኔም በልጅነቴ ከወንድሜ ጋር ተደብቄ መንዳት መማሬ ትዝ ሲለኝ እጄ ዛለ። ያንኑ ወንድሜን ባማክረው፣ «እኅቴ፣ መከልከሉን ተዪውና አብረሻት ንጂ» አለኝ። እኔ በፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም በዕረፍት ቀኔ ማለዳ እየተነሣሁ ሦስት ወር ከልጄ ጋር ተለማመድኩ።

በኅዳር 2007 ዓ.ም. ሦስታችን ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ብርሃን ሄድን። እዚያ አድረን በማግስቱ እስከ ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ልንነዳ ነው። ሲነጋ አመዳዩ ሣሩን አንጥቶት፣ ጣታችን ፍሬን መያዝ አቅቶት ነበር። ፀሐይ ሞቅ ስትል ተነሣን። ገበሬዎች ገብስ ያጭዳሉ፤ እረኞች «አይዟችሁ!» እያሉ ይከተሉናል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ መቸኮል አይበጅም። ወንድሜ ቀላል ማርሽ እንድናስገባ እየነገረ፣ «ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው» ይለን ነበር። በየሰዓቱ አረፍ እያልን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ሰዓት የሚቆም እግር ዳገት ይችላል፤ እኔም ቻልኩ።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያሠሩት፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አለ። ጨለማ በመሆኑ ከብስክሌት ወርደን፣ ባትሪ አብርተን ጥግ ጥጉን በእግር አለፍን። ወዲያ ማዶ ብቅ ስንል ምድሩ ከእግራችን ሥር ወደ ቆላው ተዘረጋ። ከተራራው በምዕራብ የሚዘንበው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ የሚዘንበው ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ልጄ ከፊቴ ሆነች። ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳልነቅል፣ «ቀስ በይ! ያዢው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ለራሴ ከፍርሃት የተነሣ ፍሬኑን ጨምድጄ አንዴም አልለቀቅሁትም። ቸርኬው ጋለና ፍሬኑ መያዝ ተሳነው። ከመጠምዘዣው ስደርስ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዙሬ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ጉልበቴና ክንዴ ተላጠ እንጂ ከዚህ የከፋ አልደረሰብኝም።

ልጄ ቆማ እየጠበቀችኝ ኖሮ ሮጣ መጥታ አነሣችኝ። ደሜን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረገች፣ «እማዬ፣ ፍሬን ሁልጊዜ አይያዝም። ከመጠምዘዣው በፊት ነው ፍጥነት የሚቀነሰው፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው» አለችኝ። አጎቷ ያስተማራትን እሷ ሰምታለች፤ እኔ ግን ስለ እሷ ስጨነቅ ሳላዳምጥ ቀርቻለሁ። ቸርኬው እስኪበርድ አርፈን፣ ከዚያ በኋላ እሷ እየመራችኝ ደብረ ሲና ገባን። የደብረ ሲናን ቆሎ ገዝተን በመንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ስንቆረጥም፣ ስለ ኪራዩ ብስክሌት ሳትደብቅ ሁሉን አጫወተችኝ።

ስለዚያ ስለማንናገረው ምክንያትም በኋላ ሐኪም ጠይቄ መሠረት የሌለው ወሬ መሆኑን አስረድታኛለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ፣ የሴት ልጅን ድንግልና በአካል ምርመራ ማወቅ እንደማይቻል ተናግረዋል።

እናቶች ሆይ፤ ሥጋታችን ከንቱ ነው አልልም፤ መንገዱም መኪናውም አደገኛ ነው። ነገር ግን የከለከልናት ልጅ መንዳቷን አትተውም፤ ከእኛ ትደበቃለች እንጂ። ስለዚህ ብስክሌቱን ከመደበቃችሁ በፊት ፍሬኑን አብራችሁ ፈትሹ፤ የራስ መከላከያ ቆቧን አጥብቁላት፤ ከተቻላችሁም አብራችኋት ንዱ። ቁልቁለት ላይ ስትደርሱ ግን እንደኔ ጩኸት አታብዙ፤ እሷ የምትላችሁንም ስሙ።