በሌኮክ መንደር በአንድ አሮጌ ቤት የዋልንበት ቀን

ሰው አንድ የታወቀ አሮጌ ቤት ለማየት በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቤቱን ማን እንዳሠራውና ስንት ዘመን እንደ ቆየ ነው። እኔ ግን ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋራ በእንግሊዝ አገር በዊልትሺር አውራጃ ወደሚገኘው ወደ ሌኮክ በሄድሁ ጊዜ አሳቤ ሁሉ በአንዲት መስኮት ላይ ነበረ። ለምን እንደ ሆነም በቦታው እናገራለሁ። ከዚህ በታች የሚነበበው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቼ ይወቁልኝ።

ወራቱ በእኛ ዘንድ ክረምት፣ በእነርሱ ዘንድ በጋ ነበረ፤ ነገር ግን በጋ ነው ብሎ ጃንጥላውን ትቶ የሚወጣ ሰው በዚያ አገር እንደ ሞኝ ይቈጠራል። ሎንዶን ከሚኖረው ከባለቤቴ ወንድም ቤት በማለዳ ተነሥተን፣ ፓዲንግተን ከሚባለው ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ቺፕነም ደረስን። ለምሳ የያዝነውን ድፎ ዳቦ ታናሹ ልጄ እኩሌታውን በባቡር ውስጥ ጨርሶት ነበረ። ከቺፕነም ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄደን ከመንደሩ አጠገብ ወረድን።

ሌኮክ ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቿ ከደንጊያና ከእንጨት የተሠሩ፣ ብዙዎቹም ብዙ መቶ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በምድር ውስጥ ስለ ተቀበረ በመንገዱ ላይ ምሰሶ አይታይም። ስለዚህም የጥንት ዘመን ታሪክ በሲኒማ የሚሠሩ ሰዎች ይመላለሱባታል። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ሲርያክ ስም የተሠራ ነው ባሉን ጊዜ ባለቤቴ ይህ ቅዱስ ማን እንደ ሆነ ጠየቀች። ከእናቱ ጋራ በሰማዕትነት ያለፈው ሕፃን ነው ቢሏት፣ እርሷ የቂርቆስ አጥቢያ ልጅ ናትና፣ «ቂርቆስ ነዋ! ታዲያ ኢየሉጣን ወዴት ትተዋት ነው?» ብላ ደጁን ሳትሳለም አላለፈችም። እኛም ስንቸኩል የነበርነው ቆመን ጠበቅናት።

ዋናው ቤት ከመንደሩ ወጣ ብሎ ኤቮን በሚባለው ወንዝ አጠገብ በሰፊ መስክ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያ የሴቶች ገዳም ነበረ። ያቆመችውም የሶልዝበሪ ወይዘሮ ኤላ ናት፤ ባሏ ዊልያም ሎንግስፔ ከሕግ ውጭ የተወለደ የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ልጅ ነበረ። እርሱ በ1226 ከሞተ በኋላ ይህች ወይዘሮ በዊልትሺር የንጉሡ ሹም ሆና ግብር ስታስገባና ዳኝነት ስታስፈጽም ቈየች፤ ይህም በዚያ ዘመን ለሴት የተለመደ ሹመት አልነበረም። በ1232 የገዳሙን መሠረት አስጣለች፤ በኋላም ራሷ መንኵሳ እመ ምኔት ሆነች። መነኰሳዪያቱ ይመላለሱበት የነበረው በደንጊያ ቅስት የተከበበ ደጀ ሰላም እስከ ዛሬ አለ። በብርድ ወራት እሳት ይሞቁበት በነበረው ክፍል ውስጥም ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ጎላ ተቀምጧል። ባለቤቴ ዙሪያውን በዓይኗ ለክታ፣ የአንድ ደብር ሰንበቴ ይችላል ብላ ፈረደች።

ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሁሉ ባፈረሰ ጊዜ ይህም በ1539 ተዘጋ። ሰር ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል ሰው በ783 ፓውንድ ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰና የቀረውን መኖሪያ ቤት አደረገው። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ለብዙ ዓመት የቈየሁ እንደ መሆኔ የዚህን ሰው ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። ሻሪንግተን በብሪስቶል የንጉሡ የገንዘብ ማተሚያ ሹም ሆኖ ሲሠራ ገንዘቡን አጕድሎና መዝገቡን አበላሽቶ ተገኝቶ በ1549 ተፈረደበት፤ ነገር ግን ምሕረት አግኝቶ ርስቱን በገንዘብ መልሶ ያዘ። ቤቱ ላይ ያሠራው ግንብ ስምንት ማዕዘን ያለው ሲሆን በውስጡ የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ጽኑ ክፍል አለው። ክፍሉን ያየ ሰው ስለ መዝገቡ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም።

ከእርሱ በኋላ ቤቱ በጋብቻ ለታልቦት ወገን ደረሰ። እኔም የመጣሁት ከዚህ ወገን ስለ ተወለደው ስለ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። ይህ ሰው በ1800 ተወልዶ ገና ጡት ሳይጥል አባቱ ብዙ ዕዳ ትቶበት ሞተ፤ ርስቱን ከዕዳ ያወጣችለት እናቱ ናት። ቤቱም ለሰው ተከራይቶ ስለ ነበረ ሊኖርበት የገባው በ1827 ነው። ሒሳብም ቋንቋም የሚያውቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ብቻ እጁ እንቢ አለው፤ ሥዕል መሣል አልቻለም። በ1833 በኢጣልያ አገር በኮሞ ሐይቅ ዳር ሆኖ ያየውን ሊሥል ሞክሮ ባልሆነለት ጊዜ፣ ብርሃን ራሱ በወረቀት ላይ ቢሥልስ ብሎ አሰበ።

ያደረገውም ይህ ነው። ወረቀቱን በጨው ውሃ ነክሮ ካደረቀው በኋላ ብር በአሲድ የሟሟበትን ውሃ ቀባው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ብርሃን ሲነካው ይጠቍራል። ከዚያም ወረቀቱን መስተዋት በተገጠመላቸው ትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ እያገባ በቤቱ ዙሪያ ያስቀምጣቸው ነበር። ባለቤቱ ኮንስታንስ ሣጥኖቹን የአይጥ ወጥመድ ብላ ሰይማቸዋለች። በ1835 በነሐሴ ወር ከነዚህ ወጥመዶች በአንዱ በቤቱ የደቡብ አዳራሽ ያለችውን መስኮት ያዘ። ይህች የቴምብር ያህል የሆነች ወረቀት እስከ ዛሬ ከተገኙት ነጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚዪቱ ናት። እርሱም መጀመሪያ በተሠራች ጊዜ 200 የሚያህለው የመስኮቱ መስተዋት በማጕያ መነጽር ይቈጠር እንደ ነበረ በአጠገቧ ጽፎባታል። ወረቀቲቱ በቤተ መዘክር ትጠበቃለች፤ መስኮቲቱ ግን በቦታዋ አለች። ታናሹ ልጄ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ብሎ መስተዋቱን መቍጠር ጀምሮ ከ90 በላይ ሲደርስ ተሳሳተበት።

በዚያው ዘመን በፓሪስ ዳጌር የሚባል ሰው የራሱን ዘዴ በ1839 አስታወቀ። የእርሱ ሥዕል በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚወጣና እጅግ የጠራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። የታልቦት ግን ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ተገልብጦ ይወጣና በሌላ የተቀባ ወረቀት ላይ ተደርቦ ፀሐይ ሲመታው እንደገና ተገልብጦ እውነተኛውን መልክ ይሰጣል። ከአንዱም የሚፈለገውን ያህል ማውጣት ይቻላል። እኛ ጸሐፊዎች የአንድን ጽሕፈት ቅጂ ግልባጭ እንለዋለን፤ ይህ ቃል እንዲህ በሙሉ ትርጕሙ ሲሠራ ያየሁት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። አባቴ በዕድሜው የተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ። በአዲስ አበባ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ካባውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ የተነሣው ነው፤ ከጀርባውም የነጋቲቩ ቍጥር በእርሳስ ተጽፎበት ነበር። ባረፈ ጊዜ ለዐርባው በትልቁ አሳትመን እንድናቆመው ብለን ለዘመድ ብንሰጠው በመንገድ ጠፋ። እኔም ቍጥሩን ቀድሜ በማስታወሻዬ ጽፌው ስለ ነበረ ተስፋ አድርጌ ወደ ፎቶግራፍ ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ ሞቶ ሱቁ ጨርቅ መሸጫ ሆኖ ነበር፤ ነጋቲቮቹም ቤቱ ሲጠረግ ተጥለዋል። ቍጥሩ እስከ ዛሬ በእጄ አለ። ልጆቼ አያታቸው ማንን እንደሚመስል በጠየቁኝ ጊዜ ግንባሩን እንዲህ ነው፣ ጢሙን እንዲያ ነው እያልሁ በቃል እነግራቸዋለሁ፤ ያም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንደሚለወጥ ይታወቀኛል።

የቤቱን ፍጻሜም ላንሣ። የታልቦት የልጅ ልጅ ወይዘሪት ማቲልዳ ታልቦት በ1944 ቤቱንና መንደሩን ናሽናል ትረስት ለሚባለው፣ የቆዩ ቤቶችንና ቦታዎችን ለሕዝብ ለሚጠብቀው ማኅበር አስረከበች። በቤቱ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ የኖረውን፣ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ በ1225 የሰጠውን የማግና ካርታ ግልባጭም ለመንግሥት ሰጠች፤ አሁን በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ርስቱን የሚሰጥ ሰው ብዙ አላየሁም፤ በፍርድ ቤት የማየው ስለ ርስት የሚካሰሰውን ነው።

ከአዳራሹ ልንወጣ ስንል ሴት ልጄ በእጅ ስልኳ ፎቶግራፍ ላንሣዎ አለችኝ። እኔ ከዚህ ነገር የምሸሽ ሰው ነኝ፤ በዚያ ቀን ግን መስኮቲቱ አጠገብ ቆምሁ። «አባባ፣ ብርሃኑ ከኋላዎ ስለ ሆነ ፊትዎ ጠቈረ፤ ወደዚህ ዞር ይበሉ» አለች። ዞርሁ። ቀጥሎም እናትዮዋንና ወንድሟን ጨምራ ሁላችንን በአንድነት አነሣችን፤ ዝናቡም እንደ ፈራነው ከውጭ ጀምሮ ነበር።

በማግሥቱ ሎንዶን ከአንድ ሱቅ ይህነን ፎቶግራፍ በወረቀት አራት አድርገን አሳተምን፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለባለቤቴ ወንድም፣ አንዱ ጎንደር ላለችው እኅቴ፣ አንዱም መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ከየጀርባቸው ቀኑንና የአራታችንን ስም በእጄ ስጽፍ ታናሹ ልጄ በትከሻዬ በኩል ተመለከተና፣ «ቍጥርስ አይጻፍበትም?» አለኝ። ከአንድ እስከ አራት ጻፍሁበት።